ካሸነፈች በኋላ የታጠረ አጥር

ትልቁ የአሜሪካ የሙዚቃ ሽልማት ግራሚ፣ ካንትሪ ለሚባለው የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ የሚሰጠውን የአልበም ሽልማት «ባህላዊ» እና «ዘመናዊ» ብሎ ለሁለት ከፈለው። መቼ? ጥቁር አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ቢዮንሴ «ካውቦይ ካርተር» በተባለው አልበሟ ሽልማቱን ከወሰደች ከአራት ወር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025። ሐሳቡ ከዚያ በፊትም ደጋግሞ ቀርቦ ነበር ይሉናል። ይሁን። ስንት ጊዜ ቀርቦ ሲመለስ ኖሮ ጆሮ ያገኘው በዚያው ዓመት መሆኑን ግን እንደ አጋጣሚ ቁጠሩልን ማለት ድፍረት ነው።

ውሳኔውስ ይቅር። ያንገበገበኝ ተከትሎት የመጣው ወሬ ነው፦ «ድሮም ካንትሪ አልነበረም፤ ራሷም ብላዋለች።» አዎ፣ ብላለች። አልበሙ ከመውጣቱ በፊት «ይህ የካንትሪ አልበም አይደለም፤ የቢዮንሴ አልበም ነው» ብላ ጽፋለች። በአንድ ስም አልታጠርም ያለችን ሴት «እንግዲያው ውጪልን» ማለት ግን ምን የሚሉት አሰማም ነው? ደግሞስ ሃያሲ የዘፋኝን ቃል እንዳለ መቀበል የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው? «ከሥራዎቼ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው» የሚለውን ሁሉ እንዲሁ ሊያምኑት ነው?

ስልት አደባለቀች የሚለው ክስማ የባሰ ነው። ነጯ የካንትሪ ዘፋኝ ኬሲ መስግሬቭስ በ2018 «ጎልደን አወር»ን ስታወጣ አልበሙ ውስጥ ዲስኮ ነበረ፤ ድምፅን እንደ ማሽን የሚያደርገው ቮኮደርም ነበረ። ዲስኮ! ሃያስያን ምን አሉ? ካንትሪን አሰፋችው ብለው አሞገሷት። የአሜሪካ የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበሩም በዚያው ዓመት የዓመቱን አልበም ሽልማት ሰጣት። በቀጣዩ ዓመት ግራሚ ሁለቱንም ሸለማት፤ የካንትሪ አልበሙንም፣ የዓመቱን አልበምም። ይገባታል፤ ግሩም አልበም ነው። ያን ጊዜ ግን ሽልማቱ ይከፈል ብሎ ያስከፈለ የለም። ያው ማኅበር በ2024 ለ«ካውቦይ ካርተር» አንድም ዕጩነት ነፈገው፤ አልበሙ ቢልቦርድ የተባለው መጽሔት የሚያወጣውን የካንትሪ ሰንጠረዥ እየመራ ቆይቶ ማለት ነው። አንዷ ስትቀላቅል ማስፋት፣ ሌላዋ ስትቀላቅል ማበላሸት። ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ስሟን ዥግራ ይሏታል፤ ሊያባርሯት ያሰቧትን ዥግራ ደግሞ አሞራ ማለት አያቅታቸውም።

ይህ ስም አወጣጥ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ1920ዎቹ የአሜሪካ ሸክላ አሳታሚዎች የጥቁሮቹን «የዘር ሸክላ»፣ የገጠር ነጮቹን «ሂልቢሊ» (የኋላውን ካንትሪ) ብለው በየመደርደሪያው ለያዩት። ተጫዋቾቹ ከአንድ ምንጭ ይቀዱ ነበር፤ የተለየው ገዢው ነው፣ ያውም በቆዳው ቀለም። ጥቁሩ ዘፋኝ ሬይ ቻርልስ በ1962 የካንትሪ ዘፈኖችን በራሱ መንገድ ሲሠራም አሳታሚው ገበያው ይከዳዋል ብሎ ፈርቶ ነበር። አልበሙ 14 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ሰነበተ። የዛሬዎቹ «ወጥነት የለውም» ባዮች ያንን መደርደሪያ ነው ሳያውቁት የሚጠብቁት። ወይም እያወቁ፤ እሱን ለነሱ ልተወው።

«ካውቦይ ካርተር» ረዝሟል ለሚለው ብዙም አልከራከርም። 27 ትራክ ነው፤ በዘፈኖቹ መካከል ካሉት አጫጭር መሸጋገሪያዎች ሁለት ሦስቱ ቢቀሩ አይጎዳም ነበር። ግን ኦፔራና ሂፕ ሆፕ ከካንትሪ ጋር ስለተጎራበቱ «የተበታተነ» ማለት፣ ማድመጥ ሳይሆን የዘፈን ዝርዝር ማንበብ ነው።

አዲሱ «ባህላዊ» ዘርፍ ከሚጠይቃቸው መሣሪያዎች አንዱ ባንጆ የተባለው ባለ ክር መሣሪያ ነው። ባንጆን አሜሪካ ያደረሱት በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን ናቸው። የአልበሙ ትልቁ ዘፈን «ቴክሳስ ሆልደም» የሚከፈተውም በባንጆ ነው፤ የምትመታው ይህንኑ ታሪክ ስታስተምር የኖረችው ጥቁር ሙዚቀኛ ሪያነን ጊደንስ ናት። ታዲያ እሷን በየትኛው በር ሊያስገቧት ነው?