ማስተካከያ፦ «ራምቦ ቤት» ራምቦ የኖረበት ቤት አይደለም

ሐረር ጁገል ውስጥ «ራምቦ ቤት» የሚባል ባለ ፎቅ ቤት አለ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ የኖረው እዚያ ነው የሚል መረጃ በየቦታው ይዞራል። ይህ መታረም አለበት። ራምቦ መጀመሪያ ሐረር የገባው በ1880፣ ያረፈው ደግሞ በ1891 ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ቤቱን ያሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ ነው፤ የተሠራውም ገጣሚው ከሞተ በኋላ ነው።

ማመን የሚቸግረው ካለ ፊት ለፊቱ ቆሞ ይየው። የተቀረጸ እንጨት፣ ባለቀለም መስታወት፣ ወደ ውጭ የሚያይ ሰገነት። የሐረሪ ባህላዊ ቤት እንዲህ አይደለም። ለመንገዱ ጀርባውን ይሰጣል። ከውጭ የሚታየው ግንብና የግቢ በር ብቻ ነው። ውበቱ ሁሉ ውስጥ ነው፦ ሰው እንደ ክብሩና እንደ ዕድሜው የሚቀመጥባቸው ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች፣ ግድግዳው ውስጥ የተሠሩ የዕቃ ማስቀመጫዎች። መንገድ የሚያይ በረንዳ የመጣው ከ1887 በኋላ ከተማዋ ከገቡት የሕንድ ነጋዴዎች ጋር ነው። ሁለቱን የቀላቀሉ ቤቶችም አሉ።

ታዲያ ቤቱ አይጎብኝ ማለት ነው? ኧረ በፍጹም! ውስጡ ሙዚየም ነው፤ የድሮዋን ሐረር የሚያሳዩ ፎቶግራፎች አሉበት። አስጎብኚዎች «ለራምቦ መታሰቢያ የተሰየመ ቤት» ቢሉ ይበቃል። ያንን እንጨት የቀረጹት እጆችም አብረው ይነሱ።