ደመወዝ፦ በስምምነት፣ ቲፕ አለው

የጎረቤቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት «ጋሼ፣ እስኪ ይዩልኝ» ብላ የአስተናጋጅነት ውሏን በስልኳ ፎቶ አንስታ አመጣችልኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እንዲህ ያለ ብዕረኛ በከተማችን እያለ «ቅኔ ሞተ» እያልን ማልቀሳችን ያሳፍራል።

መቼም ማስታወቂያውን ታውቁታላችሁ፦ «ደመወዝ በስምምነት፣ ቲፕ አለው።» ሰሙ ደመወዝ ነው፤ ወርቁ «ሌላ ሰው ይከፍልሻል»። ስምምነቱም አስቀድሞ አልቋል፤ ባለቤቱ ከራሱ ጋር ተስማምቷል። ውሉ ላይ ከደመወዙ አጠገብ «ቲፕን ጨምሮ» የሚል ሰፍሯል። ቁርጥ በልቶ የወጣ እንግዳ የተወው ብር በቤቱ ቸርነት መዝገብ ይገባል። እድሜ ይስጣቸው!

እኔን የማረከኝ ግን የማንኪያው አንቀጽ ነው። የጠፋ ማንኪያ በአስተናጋጇ ይተካል፤ ደግ። ማን እንዳጠፋው ካልታወቀ የፈረቃው አስተናጋጆች በሙሉ ያዋጣሉ። ቢገኝስ? ማንኪያውም የቤቱ፣ ገንዘቡም የቤቱ። እስቲ አስሉት፦ ሰኞ ጠፍቶ ተከፈለበት፣ ማክሰኞ ከጠረጴዛ ሥር ተገኘ፣ ረቡዕ እንደገና ጠፋ። ይህ ማንኪያ በዓመቱ ከማንኛዋም አስተናጋጅ የበለጠ ያስገባል። ተያዥ አይጠየቅም፣ እግሩን አያመውም፣ ለቅሶ አለብኝ ብሎ ፈቃድ አይለምንም። ቤቱ መዋዋል የነበረበት ከእሱ ጋር ነበር! የ60 የሥራ ቀን ሙከራውን በመጥፋት ብቻ ይጨርሳል፤ በዓመቱ ሱፐርቫይዘር ይሆናል፤ ሹካዎቹ ያሙታል፤ ጭልፋው «በዘመድ ነው የገባው» ይላል።

ሒሳብ ሳይከፍል የተሰወረውን ደንበኛም የምትከፍለው እሷው ናት። የቲፕ ሳጥኑ ቁልፍ ካሸሩ ጋ ነው፤ ካሸሩ ደግሞ የባለቤቱ የወንድም ልጅ። አንድ ሳህን ሳያነሳ እኩል ይካፈላል። ጉርሻ ሰው ለሰው የሚያጎርሰው ነበር፤ መሃል ገብቶ አፉን የሚከፍተው ሦስተኛ ሰው የኛ ዘመን ፈጠራ ነው።

እዚህ ጋ ሳቄ አለቀ። ልጅቱ በቀን 12 ሰዓት ትቆማለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8 አይለፍ ይላል። ከደንበኛ የሚገኘው የአገልግሎት ክፍያ ደመወዝ እንዳልሆነ አንቀጽ 53 ላይ ተጽፏል። ከደመወዝ የሚቆረጠው ሁሉ ተደምሮ ከወሩ ሲሶ መብለጥ የለበትም። «ቲፕን ጨምሮ» ብሎ የጻፈው ሰው ይህን አጥቶት አይደለም። ሌብነት ነው፤ ማኅተም ያረፈበት ሌብነት!

ይቅርታ፣ ለምስጋና ነበር አመጣጤ። የመጨረሻው አንቀጽ «ዘወትር ፈገግታ» ያዛል፤ ፊቷን ያጠቆረች 50 ብር ትቀጣለች። ፈገግታን በብር የመዘነ ቤት ለሚዛኑም ሊመሰገን ይገባል።

«አትፈርሚ» አልኳት።

«ጋሼ፣ ከፈረምኩ ወር ሆነኝ። ቅጂ ስለማይሰጡን ነው ተደብቄ ፎቶ ያነሳሁት» አለችኝ።