የዶርም ተማሪን እንቅልፍ የሚነሳው የአርማታ ሙሌቱ የሚጀመርበት ሰዓት ነው

ሰሞኑን አንድ ዩኒቨርሲቲ በግንባታ በተከበቡት የተማሪዎች ማደሪያዎቹ በር ላይ ማስታወቂያ ለጥፏል። ሥራው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ ስለሚካሄድ እንቅልፍ አይነካም፣ ችግሩም ጊዜያዊ ነው ይላል። ግንባታው ለተማሪው ጥቅም እንደሆነ ያስታውስና ድምፅ የሚረብሸው ካለ ከፕሮክተሮች የጆሮ መድፈኛ እንዲወስድ ይመክራል። አንዱም ውኃ አያነሳም።

ከመድፈኛው እንጀምር። ማሸጊያው ላይ ድምፅን 33 ዴሲቤል ይቀንሳል ተብሎ የተጻፈበት የስፖንጅ መድፈኛ ይህን ውጤት የሚያመጣው በላቦራቶሪ ነው። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ናዮሽ፣ በተግባር ሲሰላ የዚህ ዓይነቱ መድፈኛ ቁጥር በግማሽ እንዲቀነስ በ1998 እ.ኤ.አ. የመከረው ለዚህ ነው። አገባቡም ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ በጣት እያሹ ማቅጠን፣ በሌላው እጅ ጆሮን ወደ ላይና ወደ ኋላ መሳብ፣ ካስገቡት በኋላ እስኪነፋ 30 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ። ብዙ ሰው ግማሹን ውጭ ትቶ ይተኛል። በትክክል ቢገባ እንኳ የፓይል (የመሠረት ምሰሶ) መምቻና የኮንክሪት መስበሪያ ንዝረት በመሬት፣ በመሠረቱና በግድግዳው አድርጎ አልጋው ድረስ ይደርሳል፤ እሱን ስፖንጅ አያቆመውም። ከሁሉ የሚያስቆጣኝ ደግሞ ይህ ነው፦ የሳይት አጥር መውጫዎችንና የእሳት አደጋ መኪና መግቢያን ባጠበበበት ወቅት፣ ሕንፃ ሙሉ ተማሪ ጆሮውን ደፍኖ እንዲተኛ ይመከራል። የእሳት ደወል ቢደወል ማን ይሰማል?

የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለመኝታ ክፍል ያስቀመጠው ልክ 30 ዴሲቤል ነው። ጃክሃመር የሚባለው የኮንክሪት መስበሪያ 15 ሜትር ላይ 88 ዴሲቤል ገደማ ያሰማል። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር በ6 ይቀንሳል፤ ስለዚህ 30 ሜትር ላይ 82 አካባቢ ነው። ጥሩ መስኮት ጥርቅም ተደርጎ ሲዘጋ 25 ያህል ቢይዝም ክፍሉ ውስጥ 57 ይቀራል። መስኮቱ ገርበብ ካለ 70 ይጠጋል። ብዙ ሰው በሚተኛበት ክፍል መስኮት ዘግቶ ማደር ደግሞ መታፈን ነው። የቆርቆሮ አጥሩም ለይስሙላ የቆመ ነው። ድምፅ የሚከለክል አጥር በካሬ ሜትር 10 ኪሎ ያህል ክብደት ሊኖረው ይገባል፣ ክፍተት ግን ሊኖረው አይገባም። 0.4 ሚሊሜትር ቆርቆሮ 3 ኪሎ ቢመዝን ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ላለው ተማሪ ደግሞ ከናካቴው የለም ማለት ይቻላል፣ ማሽኑን በመስኮቱ ቁልቁል ያየዋልና።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው የሥራ ሰዓት ሥራው የሚያልቅበትን ሰዓት አይወስንም። የሚወስነው የአርማታ ሙሌት የሚጀመርበት ሰዓት ነው። 120 ሜትር ኩብ አርማታ የሚፈጅ ሶሌታ (የፎቅ ወለል) እንውሰድ። አንድ ሚክሰር መኪና 7 ወይም 8 ሜትር ኩብ ይይዛል፤ 16 ያህል ምልልስ ማለት ነው። ፓምፑ በሰዓት 25 ሜትር ኩብ ቢያፈስ ያለ ምንም እንከን 5 ሰዓት ይወስዳል። ጠዋት 2 ሰዓት ከተጀመረ 7 ሰዓት ላይ ያልቃል። ግን አርማታ ፈስሶ አያበቃም። የመጨረሻው ክፍል የማለስለሻ ማሽን ለመሸከም እስኪጠጥር እንደ አየሩ ሁኔታ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ይጠበቃል፤ ከዚያ ማሽኑ እየተመላለሰ ሲጮህ ሌላ ሁለት ሦስት ሰዓት ይሄዳል። በማለዳ የተጀመረው እንኳ 12 ሰዓትን የሚያልፍበት ቀን አለ። ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ የተጀመረውስ? የመጨረሻው መኪና ምሽት 1 ሰዓት ላይ ያራግፋል፣ ማለስለሻው ከምሽቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ መጮህ ይጀምራል፣ ተማሪው እኩለ ሌሊት ላይ ጣራ ላይ ያፈጥጣል።

እዚህ ላይ ኮንትራክተሩ መሀል ላይ ማቆም አይቻልም ይላል፤ እውነቱን ነው። አንድ ጊዜ ከተጀመረ ያለ እቅድ ከቆመ የቀደመው ጠጥሮ ከተከታዩ ጋር አይያያዝም፤ ኮልድ ጆይንት የሚሉት እንከን ይፈጠራል፣ ውኃም በዚያው ይሰርጋል። ቀድሞ የተበጠበጠውም በተለምዶ በ90 ደቂቃ ውስጥ መፍሰስ አለበት። ለዚህም ነው ጥፋቱ መፈለግ ያለበት ማታ ሳይሆን ጠዋት የሆነው። ሙሌት ወደ ከሰዓት የሚንሸራተተው አዘውትሮ በአንድ ምክንያት ነው፦ አርማታው ውስጥ የሚቀበረው የፌሮ ብረት ፍተሻ በዚያው ዕለት ጠዋት ይደረጋል። ተቆጣጣሪው 3 ሰዓት ላይ ይመጣል፣ ፌሮው ከሳንቃው ጋር ተጣብቆ፣ ከሳንቃው የሚያርቀው ስፔሰር እንደሌለው ያያል፣ ይስተካከል ይላል፤ ማስተካከሉ እስከ ምሳ ሰዓት ይፈጃል፤ መኪኖቹ ግን ታዘዋል። መድኃኒቱ ፍተሻው በዋዜማው እስከ 10 ሰዓት ተጠናቆ እንዲፈረም ማድረግ ነው። ካልተፈረመ በነጋታው መኪና አይታዘዝም። ሶሌታው ሰፊ ከሆነ መሐንዲሱ በፈቀደው ቦታ በእቅድ የሚሠራ ማቆሚያ፣ ኮንስትራክሽን ጆይንት የሚሉት፣ ተበጅቶ፣ ሳንቃ ተመትቶበት፣ ለሁለት ቀን ይከፈል። ይህ ተጨማሪ ማሽን አይጠይቅም፤ ዲሲፕሊን ነው የሚጠይቀው።

የጠዋቱም ነገር እንዲሁ ነው። ሥራ 2 ሰዓት ይጀመራል ሲባል ፌሮ የጫነው መኪና ንጋት 12 ሰዓት ላይ ገብቶ ያራግፋል፣ ጄኔሬተርም ይነሳል፣ ወደ ኋላ የሚሄድ ሎደርም ጢጥ ጢጥ ይላል። በ20 ዓመት አካባቢ የሰው የእንቅልፍ ሰዓት የሚዘገይበት፣ አምሽቶ ተኝቶ አርፍዶ የሚነሳበት ዕድሜ ነው፤ ሕልም የሚበዛበት እንቅልፍም ወደ ማለዳ ያመዝናል። ስለዚህ የሥራ ሰዓት ሲባል በሩ የሚከፈትበት ሰዓት ተብሎ ይጻፍ። የማሽኖቹ ጢጥታም ሩቅ በማይሰማው “ሽሽ” የሚል ድምፅ ይተካ።

ጊዜያዊ ነው ለሚለው ረጅም መልስ አያስፈልግም። ሁለት ዓመት የሚፈጅ ግንባታ ለሕንፃው አጭር ነው፤ ሁለት ዓመት ለቀረው ተማሪ ግን ቀሪ የትምህርት ዘመኑ በሙሉ ነው፣ ሕንፃው ሲመረቅም እሱ የለም።

የፈተና ሳምንታትን በተመለከተ አሁን መለማመጥ ዘግይቷል። ውል ከተፈረመ በኋላ ሥራ አቁም የተባለ ኮንትራክተር የጊዜ ማራዘሚያና ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃል፣ መብቱም ነው። የፈተና ካላንደሩ ከጨረታ ሰነዱ ጋር ቢያያዝ ኖሮ ዋጋው ውስጥ አስቦት ይገባ ነበር። ያንን ያልጻፈው አስተዳደሩ ነው፤ ዕዳውን የሚከፍለው ግን ተማሪው ሆኗል።

ያ ማስታወቂያ ከበሩ ይነሳ። በቦታው የሳምንቱ የሙሌት መርሐ ግብር ይለጠፍ፦ ቀኑ፣ የመጀመሪያው መኪና የሚገባበት ሰዓት፣ የሜትር ኩቡ መጠን፣ ማለስለሻው የሚያበቃበት ሰዓት፣ ማታ ሥራ የማስቆም ሥልጣን ያለው ተቆጣጣሪ ስልክ ቁጥር።