ሰማይ የሚታረስበት ካውንቲ

«ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ይሉ ነበር አባቶቻችን። ኩክ ካውንቲን ስላላዩ ነው። ቺካጎ ያለችበት፣ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርበት ይህ ካውንቲ ባለሥልጣኑንም ፖሊሱንም ይከሳል። ሰማዩ በደንብ ይታረሳል። ስለ ቡቃያው ብቻ አትጠይቁ።

ካውንቲው ባለበት በኢሊኖይ ግዛት ሕግ ሥልጣንን አላግባብ መገልገል ቀልድ አይደለም። ከ2 እስከ 5 ዓመት ሊያሳስር ይችላል። የተፈረደበት ሰው ሥራውንም ያጣል። ወረቀት ላይ ሲያነቡት ያስፈራል። ችሎት ፊት ሲቀርብ ግን እንዴት ያለ ጨዋ ክስ መሰላችሁ! ማንንም አያስቀይምም። ቡና እንኳ ሳይጠጣ ውልቅ ብሎ ይሄዳል።

ጄሰን ቫን ዳይክ የሚባለውን ፖሊስ አስታውሱ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በጥቅምት 2014 ላኳን ማክዶናልድ የተባለውን የ17 ዓመት ልጅ 16 ጥይት ተኮሰበት። ልጁ እጁ ላይ ትንሽ ቢላዋ ነበረች። ፖሊሱ የተከሰሰው ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ቪዲዮው ለሕዝብ በወጣበት ቀን ነው። (መቸኮል የሚባል ነገር አያውቁም፤ ይሄም ያስመሰግናል።) በ2018 ጁሪው፣ ማለትም ከሕዝብ መካከል ለፍርድ የተመረጡት ሰዎች፣ ተሰብስቦ ፈረደ። ሁለተኛ ደረጃ ግድያ፦ ጥፋተኛ። ከባድ የአካል ጉዳት፣ ለእያንዳንዱ ጥይት አንድ ክስ፦ ጥፋተኛ፣ ጥፋተኛ፣ ጥፋተኛ እያሉ 16 ጊዜ። ቀረች አንዲት ክስ። ሥልጣንን አላግባብ መገልገል፦ ነፃ!

እኔ ይህን ፍርድ ሳስበው ደስታ እንባ ያመጣብኛል። ዩኒፎርም ለብሶ፣ በሥራ ሰዓት፣ በመንግሥት ደመወዝ ሰው ገድሏል። ሥልጣኑን ግን አልነካውም። ሥልጣኑ ንጹሕ ነው፣ ጭረት የለውም፣ ለሚቀጥለው ሰው እንዳለ ማስረከብ ይቻላል። የተፈረደበትም 6 ዓመት ከ9 ወር ነበር። ግማሹን ያህል ጨርሶ በየካቲት 2022 ወጣ።

የሦስቱ የፖሊስ ባልደረቦቹ ነገር ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ሪፖርት ላይ ልጁ ፖሊሶቹን አጥቅቷል ተብሎ ተጻፈ። ካሜራው ግን ልጁ ከፖሊሶቹ እየራቀ ሲሄድ ያሳያል። በ2017 ተመሳጥራችኋል፣ ፍትሕ አደናቅፋችኋል፣ ሥልጣናችሁን አላግባብ ተገልግላችኋል ተብለው ተከሰሱ። እነሱም ጁሪ አንፈልግም፣ ዳኛዋ ይበቁናል አሉ። በኢሊኖይ ይህ የተከሳሽ መብት ነው፤ 12 የሰፈር ሰው ከማስቸገር አንድ ሰው ማስቸገር ይሻላል። በጥር 2019 ዳኛዋ ሦስቱንም ከሁሉም ክስ ነፃ አሏቸው። አንዱ ምክንያታቸው ምን መሰላችሁ? ሁለት ሰዎች በተለያየ ቦታ ቆመው አንድን ነገር ቢያዩ፣ የሚናገሩት ሊለያይ ይችላል። እዚህች ላይ ትንሽ ቁሙልኝ። ኋላ እንመለስባታለን።

ክስ ጨርሶ የማያስፈልግበት መንገድም አለ። ይርጋ ይባላል፤ መክሰሻው ጊዜ አለፈ ማለት ነው። ስሙ ራሱ ያረጋጋል። ጆን በርጅ የተባለው የፖሊስ አዛዥና የሥሩ ሰዎች በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ተጠርጣሪዎችን ያሠቃዩ ነበር። ልዩ ዐቃቤ ሕጎች ተሹመው፣ ለዓመታት መርምረው፣ በ2006 አዎ ማሠቃየት ነበረ አሉ። ግን ይርጋ አልፎታል። ረጋ።

ነገሩን ያበላሹት የፌደራል መንግሥቱ ዐቃቤ ሕጎች ናቸው። ይሉኝታ የላቸውም። የኢሊኖይን አራት የቀድሞ ገዥዎች እስር ቤት የላኩት እነሱ ናቸው። በርጅንም ስላሠቃየህ ሳይሆን ስለ ማሠቃየቱ ዋሽተሃል ብለው በ2010 አስፈረዱበት፤ 4 ዓመት ተኩል ተሰጠው። የከተማው የፖሊስ ጡረታ ቦርድ ግን ጨዋነቱን አልረሳም። ጡረታው ይቋረጥ ወይ ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ 4 ለ 4 ወጣ። የዋሸው ከሥራ ከወጣ በኋላ ነው፣ ከፖሊስነቱ ጋር ምን አገናኘው ተብሎ ጡረታው ቀጠለ። እኛ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እንላለን። እዚያ መሻርም አያስቆጭም።

አሁን ወደዚያች ምክንያት እንመለስ። ቺካጎ ታክሲ የሚነዳ ወዳጅ አለኝ። ቀይ መብራት ጥሰሃል ተብሎ በፖስታ የ100 ዶላር ቲኬት መጣበት። ከካሜራ ፎቶ ጋር። የዳኛዋን ነገር ሰምቶ ስለነበር ልቡ ሞልቶ ሊከራከር ሄደ። ከረባት ሁሉ አድርጓል።

«ጌታዬ፣ ካሜራው ምሰሶ ላይ ነው የተሰቀለው። እኔ ደግሞ መኪና ውስጥ ነኝ» አለ። «እኔ ካለሁበት ሲታይ ቢጫ ነበር። ሁለት ሰዎች በተለያየ ቦታ ቆመው አንድን ነገር ቢያዩ…»

ሰውዬው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየው።

«ካሜራ አይዋሽም» አለው። «በካርድ ነው በካሽ የምትከፍለው?»