የመጀመሪያው ሩብ ነጥብም ነጥብ ነው

ሰሞኑን አንድ የስፖርት ፕሮግራም አቅራቢ ያለውን ሰምቼ ሬዲዮውን ዘጋሁት። ስለ አሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ስለ ኤንቢኤ፣ የ2025 (እ.ኤ.አ.) ፍጻሜ ነበር የሚያወራው። የመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ሳይደርሱ የሚገባ ነጥብ ማሟሟቂያ ነው አለ። ትልቅ ተጫዋች የሚለካው በክላች ሰዓት፣ ማለትም ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ተቀራርበው በሚፋለሙበት ሰዓት፣ በሚያስገባው ብቻ ነው አለ። አብሮት የነበረውም ልክ ነህ ብሎት አለፈ።

ልክ አይደለም።

ያቀረበውን ምክንያት ደግሞ ስሙት። መጀመሪያ ላይ ያመለጠ ነጥብ በኋላ ይካካሳል፤ መጨረሻ ላይ ያመለጠ ግን አይካካስም። እሺ፣ በምንድን ነው የሚካካሰው? በሌላ ነጥብ ነዋ! ያኛው ባያመልጥ ኖሮ ይሄኛው መሪነት ማስፊያ ይሆን ነበር። ዕዳ ዛሬም ተከፈለ ነገ ከኪስ የሚወጣው ያው ብር ነው። ይህን ለመረዳት የቅርጫት ኳስ አዋቂ መሆን አያስፈልግም።

የክላች ወዳጆች ሁሉ የሚጠቅሱትን ጨዋታ እኔም ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1998 ቺካጎ ቡልስና ዩታ ጃዝ፣ ስድስተኛው የፍጻሜ ጨዋታ። ማይክል ጆርዳን 5.2 ሰከንድ ሲቀር አስገባ። 87 ለ 86። ዋንጫ። ያቺን ኳስ ያላየ የለም። ከወረወረ በኋላ እጁን አየር ላይ እንዳቆየው እንኳ እናስታውሳለን።

አሁን ወደ ኋላ እንመለስ። በሁለተኛው ሩብ የዩታው ሃዋርድ አይስሊ ባለሦስት ነጥብ ኳስ አስገብቶ ነበር። ዳኛው የማጥቂያ ሰዓቱ አልቋል ብሎ ሻረው። በቴሌቪዥን ተደግሞ ሲታይ ግን ኳሱ ከእጁ የወጣው ሰዓቱ ሳያልቅ ነው። ያኔ ዳኞች ቪዲዮ አይተው ውሳኔ የሚያርሙበት አሠራር አልነበረም። ሦስት ነጥብ በነነ። ጨዋታው በስንት ልዩነት አለቀ? በአንድ። ከእረፍት በፊት የጠፋች ኳስ ናት እንግዲህ። ማሟሟቂያ ላይ የጠፋች ኳስ!

የጨዋታውንም መክፈቻ እዩት። የመጀመሪያዋን ኳስ ደንክ አድርጎ፣ ዘልሎ በእጁ ቅርጫቱ ውስጥ ከትቶ፣ ያስገባው የቺካጎው ስኮቲ ፒፐን ነው። ጀርባውን ታሞ ነበር፤ ያቺ ዝላይ አባሰችበት። ለሕክምና ወደ መልበሻ ክፍል እየገባ እየወጣ ነው የጨረሰው። ያገባው በጠቅላላው 8 ነጥብ ነው። በሉ ያቺን ደንክ ከሰሌዳው አንሱና ደምሩ። ቺካጎ 85፣ ዩታ 86። የጆርዳን ተአምረኛ ኳስ ገብታም ቺካጎ ይሸነፋል። ጆርዳን ራሱ በዚያ ምሽት 45 ነጥብ ነው ያስገባው። 43ቱ የገቡት ከዚያች ኳስ በፊት ነው። ፖስተር የተሠራው ግን ለአንዷ ብቻ ነው። ፒፐን በዚያ ጀርባው የዘለላት ዝላይ ተረስታ መቅረቷ ሁልጊዜ ያናድደኛል።

የመጨረሻዋ ኳስ ከባድ መሆኗን አልክድም። እግር ዝሏል፣ ተከላካይ አይለቅም፣ አዳራሹ ይጮኻል። ልብ ትጠይቃለች። ግን መክበዷ ነጥቧን አይጨምርም። ሰሌዳው ላይ የምትጻፈው ሁለት ተብላ ነው።

አሁን የኢንዲያናውን የሃሊበርተንን ኳስ ያመጡብኛል። በ2025ቱ የመጀመሪያ የፍጻሜ ጨዋታ 0.3 ሰከንድ ሲቀር አስገባ፤ ኢንዲያና 111 ለ 110 አሸነፈ። በዚያ ጨዋታ የመራውም በዚያች ቅጽበት ብቻ ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ ይሉኛል። እኔ የማየው የተጋጣሚውን የኦክላሆማን የመጀመሪያ አጋማሽ ነው። ኢንዲያና ከእረፍት በፊት 19 ኳስ አበላሸ። 19! ይህ ሁሉ ኳስ በእጁ የገባለት ኦክላሆማ እረፍት የወጣው በ12 ነጥብ ብቻ እየመራ ነው። የተሸነፈው እዚያ ነው። በእኛ ሰዓት ሌሊት 9 ተኩል ተነስቶ ከጅምሩ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ለመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ብቻ አላርም የሞላ ሰው ያየው ግን ሃሊበርተንን ነው።

ይህን አስተሳሰብ ያባባሰው ኤንቢኤ ራሱ ነው። ከ2022-23 ጀምሮ የክላች ተጫዋች ሽልማት ይሰጣል። ዲአሮን ፎክስ ወሰደው፣ ከዚያ ስቴፈን ከሪ፣ ከዚያ ጄለን ብራንሰን። ሦስቱም ምርጥ ናቸው፤ ጠቤ ከነሱ ጋር አይደለም። ጠቤ ከመለኪያው ጋር ነው። ክላች የሚባለው የመጨረሻው 5 ደቂቃ ሆኖ ልዩነቱ ከ5 ነጥብ ሳይበልጥ ነው። እስከ ሦስተኛው ሩብ 20 ነጥብ የመራ ቡድን ክላች የሚባል ነገር አይኖረውም። በ2024-25 ኦክላሆማ 68 ጨዋታ አሸነፈ። አማካይ የነጥብ ልዩነቱ 12.9 ነበር፤ በሊጉ ታሪክ ትልቁ። ኮከቡ ሼ ጊልጀስ-አሌክሳንደር ስንቱን አራተኛ ሩብ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው ያየው። ሥራውን ጨርሶ ነዋ! በዚህ መለኪያ ጎበዝ የሚባለው ሥራውን እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ያቆየው ነው።

ጉዳቱ ሰፈራችን ድረስ መጥቷል። ሜዳ ላይ ልጆች ሲለማመዱ አያለሁ። ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ብለው ቆጥረው ይወረውራሉ። ጨዋታው ገና ሲጀመር ወደ መከላከል ተመልሶ የሚሮጠው ግን ከስንት አንዱ ነው።

ያ የክላች ሽልማት የተሰየመው በሌከርሱ ጄሪ ዌስት ስም ነው። ሚስተር ክላች ነበር የሚሉት። በ1970 በሦስተኛው የፍጻሜ ጨዋታ ከኒውዮርክ ኒክስ ጋር ሰዓቱ ሲያልቅ ከራሱ ሜዳ፣ ከ18 ሜትር ርቀት ወርውሮ አገባ። ያኔ ባለሦስት ነጥብ መስመር አልነበረም። የተቆጠረለት ሁለት ነው፤ ቅርጫቱ ሥር ሆኖ በመጀመሪያው ደቂቃ ቢያገባው ኖሮ የሚቆጠርለትን ያህል። 102 እኩል ሆኑ። በተጨማሪው ሰዓት ሌከርስ 111 ለ 108 ተሸነፈ።