በጨለማ መዘነጥ

አዲስ አበባ ውስጥ ሰው የሚለብሰው ለብርድ አይደለም፤ ለሰው ነው። ሠርግ የራሱ ልብስ አለው። ለቅሶም፣ ምርቃትም፣ ማኪያቶ መጠጣት ሳይቀር። ጭንቁ የሚመጣው አንዱ ተነሥቶ «ቅዳሜ ማታ እንጦጦ ወጥተን ኮከብ እንይ» ያለ ዕለት ነው። እዚያ የሚያየን የለም። ኧረ እንዲያውም መብራት ሁሉ ይጠፋል። ታዲያ ምን ይለበሳል?

ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ይከፈታል። ጨረቃ ትኖራለች ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቴሌስኮፑ ምን ያህል ያሳያል የሚልም የለም። «ነጭ ስኒከር ይሄዳል?» በሚለው ላይ ግን እስከ እኩለ ሌሊት ይመከራል።

ቅዳሜ ማታ ከመኪናው የሚወርዱትን ተመልከቱልኝ። አንዷ ቁርጭምጭሚቷን ከፍታ መጥታለች። ካልሲ አድርጋለች፤ ግን ያቺን ጫማ ውስጥ ተደብቃ የምትቀረዋን። አንዱ የቆዳ ጃኬት ለብሷል። ዚፑን አይዘጋም፤ ከሥሩ ያለው ቲሸርት አዲስ ነዋ! ሽቶው ደግሞ አለ። ለማን እንደተቀባ እንጃ። በዚያ ሰዓት እንጦጦ ላይ በጠረን ሰው የሚለይ ቢኖር ጅብ ነው።

ሁሉም ታዲያ ከቤት ሲወጣ ተመክሯል።

«ጋቢውን ያዝ!»

«እማዬ፣ ሰው ምን ይለኛል?»

«በጨለማ ማን አይቶህ?»

«ኤጭ! እማዬ ደግሞ!»

ሳይንሱ ከእማዬ ጋር ነው። የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ፣ የኮከብ መመልከቻው ጣቢያ፣ ያለው ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው። መሃል ከተማ ከለመዳችሁት ሙቀት ላይ 5 ዲግሪ ያህል ቀንሱ። በዚያ ላይ ኮከብ የሚታየው ሰማዩ ሲጠራ ነው። ደመና ለመሬት ብርድ ልብስዋ ነው፤ ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ይይዝላታል። የጠራ ሌሊት ማለት ብርድ ልብሷን የተገፈፈች መሬት ማለት ነው። ክረምት ላይ ውርጭ የለም፣ ኮከብም የለም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሁለቱም አሉ። ጀሚኒድ የሚባሉት ተወርዋሪ ኮከቦች የሚበዙትም፣ ሌላ ወር የጠፋ ይመስል፣ በታኅሣሥ የመጀመሪያው ሳምንት ነው።

ተወርዋሪ ኮከብ ደግሞ ቀጠሮ አያከብርም። አንጋጦ መጠበቅ ነው። እንጦጦ ላይ ጠዋት ለሚሮጥ ሰው አንድ ሹራብ ይተርፈዋል። ሌሊት ተገትሮ ለሚያንጋጥጥ ሦስቱም አይበቃው። ብርዱም እንደ ጨዋ በደረት አይመጣም። ከመሬት ተነሥቶ በጫማ ሥር ይገባል። ያቺ የተደበቀች ካልሲ ምን ልታደርግ!

በዚህ ከተማ ለኮከብ በወጉ የሚለብስ አንድ ሰው ነው የማውቀው፤ የሰፈር ዘበኛ። ሹራብ፣ በሹራቡ ላይ ካፖርት፣ በካፖርቱ ላይ ጋቢ፣ ጆሮ ድረስ የወረደ ኮፍያ፣ ደራርቦ ካልሲ። ታኅሣሥ ላይ ኦሪዮን የሚባለው የኮከቦች ስብስብ በምሥራቅ ሲወጣ ያያል። እኩለ ሌሊት ላይ አናቱ ላይ ያገኘዋል። ሊነጋጋ ሲል ወደ ምዕራብ ይሸኘዋል። ግን «ጋሼ፣ ለኮከብ ምን ልልበስ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። የሚጠየቀው ቲክቶክ ነው።

ወደ ጋራው እንመለስ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ጋቢ ይዞ የመጣው ልጅ መሳቂያ ነው። «ለቅሶ ቤት መሰለህ እንዴ?» ይባላል። 4 ሰዓት ላይ ሳቁ ይቀንሳል። 5 ሰዓት ላይ ወዳጁ ይበዛል። 6 ሰዓት ሲሆን የቆዳ ጃኬቱ ጠጋ ይልና «ወንድሜ፣ ጫፏን ብቻ» ይላል። ጋቢ አራት ድርብ ነው። ሙቀት የሚይዘው በድርቡ መካከል የታፈነው አየር ነው። ሦስት ሰው ሲጎትተው ግን ድርቡም አየሩም ወዳጅነቱም አብሮ ይሳሳል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ሜካፑ ነው። ዓይን ጨለማ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። አንድ ሰው የስልክ መብራት ካበራ ሁሉም እንደገና ከዜሮ ይጀምራል፤ እርግማኑም ያኔ ይወርዳል። ስለዚህ የሚፈቀደው ደብዘዝ ያለ ቀይ መብራት ብቻ ነው። በቀይ መብራት ሥር ደግሞ ቀይ ሊፕስቲክ ድራሹ ይጠፋል። ያ ሁሉ መስተዋት ፊት የተቆመበት ሰዓት፣ በቃ፣ አፈር በላ።

ፎቶ ግን የግድ ነው። ፍላሽ ክልክል ስለሆነ በጨለማው ይነሣሉ። በማግሥቱ ይለጠፋል። ድፍን ጥቁር፣ መሃሉ ላይ ሁለት የደበዘዙ ነጫጭ ነጥቦች። ከሥሩ «እኔና ጁፒተር» ይላል።

መጀመሪያ አስተያየት የምትሰጠው አክስት ናት። «የኔ ቆንጆ፣ አንቺ የትኛዋ ነሽ?»