ስካር በቡና አይለቅም

ሰላም ለሁላችሁ። ለጥምቀት አረቄ ጠጥተው ራሳቸውን ስለሚስቱ ልጆች ስታወሩ አንድ ምክር ሲደጋገም አየሁ፦ «ወፍራም ቡና ስጡት፣ ቀዝቃዛ ውሃ አፍሱበት፣ ከዚያ ይተኛ። ጠዋት ደህና ይሆናል።» በቅንነት የተባለ ነው። ግን ትክክል አይደለም።

አልኮልን ከደም የሚያጠራው በዋናነት ጉበት ነው፤ እሱም በራሱ ጊዜ። ቡና ዓይን ይገልጥ ይሆናል እንጂ ስካሩን አያወርድም። ቀዝቃዛ ውሃማ የባሰ ነው። የሰከረ ሰው ሙቀቱን ቶሎ ያጣል፤ የደብረ ማርቆስን የጥር ሌሊት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ከሁሉም የሚያሳስበኝ «ይተኛ» የሚለው ነው። ልጁ መጠጣት ቢያቆምም ሆዱ ውስጥ ያለው አረቄ ገና ወደ ደሙ እየገባ ነው። ተኝቶ ሳለ ሊብስበት ይችላል። በጀርባው ተኝቶ ካስመለሰው ደግሞ ሊታፈን ይችላል።

እንዴት ታውቃላችሁ? ስሙን ጥሩት፣ ቆንጥጡት፣ ትንፋሹን ሰዓት ይዛችሁ ቁጠሩ። ካልነቃ፣ በደቂቃ ከ8 ጊዜ በታች ከተነፈሰ፣ በሁለት ትንፋሽ መካከል 10 ሰከንድ ካለፈ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ገላው ከቀዘቀዘ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት። አንዱ ምልክት ይበቃል። እስከዚያው በጎኑ አስተኙት፣ ብቻውን አትተዉት። የምታውቁት ነርስ ካለ ጠይቁ፤ ይህንኑ ነው የሚነግራችሁ።

ልጆቻችሁንም ከበዓሉ በፊት አናግሯቸው። ብዙ ልጅ ጓደኛው ሲወድቅ የሚደብቀው ቁጣ ፈርቶ ነው። «ደውልልኝ፣ በሌሊትም ቢሆን እመጣለሁ» በሏቸው።